የሮዝቪታ ስልሳ አራት ወረቀቶች

ሮዝቪታ ሄበርለ ልትፈታው የተነሣችው ችግር ይህ ነበር፦ ስትሮክ ቃላቱን የነጠቀው ሰው አሥር ጊዜ ሕክምና ተቀምጦ አንድም ቃል ካልተመለሰለት፣ በአሥራ አንደኛው ይሰናበት ወይስ ይቆይ?

ጥያቄው የሐኪም ይመስላል። እሷ ግን ሐኪም አይደለችም። ቱቢንገን ከተማ ባለው ቤተ ሙከራችን ሃያ ስድስት ዓመት የሠራች ቴክኒሻን ናት። ከእያንዳንዱ የንግግር ሕክምና በኋላ ከታማሚው ፊት ለፊት ትቀመጣለች፤ ሃያ ሥዕሎች አንድ በአንድ ታሳያለች፤ «ይሄ ምንድን ነው?» ትላለች፤ የተባለውን ትጽፋለች። እኔ ኤግበርት ደግሞ ከእሷ አንድ ፎቅ ከፍ ብዬ፣ እሷ ከጻፈችው ቁጥር የአእምሮን ሞዴል እሠራለሁ። ለጥያቄው መልስ አግኝተንለት ነበር። «ይሰናበት» ያልነው እኛ ነን። የሮዝቪታ ንዴት የመጣው ከዚህ ነው፤ የእኔም፣ ዘግይቶ ቢሆንም።

መልሳችን እንዴት እንደተገኘ ላስረዳ። ሥራውን ስለምወደው አልቸኩልም። የአእምሮ ሞዴል የምንለው ኮምፒውተር ውስጥ የተሠራ መረብ ነው። በአንድ በኩል ሥዕሉ ይገባል፣ በሌላው በኩል ቃሉ ይወጣል፤ በመካከል በሺህ የሚቆጠሩ ቋጠሮዎች አሉ። ቋጠሮዎቹን ከሚያገናኙት ክሮች አንዳንዱ ጠበቅ፣ አንዳንዱ ላላ ያለ ነው። መረቡ «ድመት» ማለት ሲገባው «ውሻ» ካለ፣ ለስህተቱ ምክንያት የሆኑት ክሮች ጥቂት ይላላሉ፣ ሌሎቹ ጥቂት ይጠብቃሉ። ይኸው ነው። ይህ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም መረቡ ቃል ያውቃል። ከዚያ ከክሮቹ የተወሰኑትን እንበጥስና ስትሮክ እንደመታው አንጎል እናደርገዋለን፤ እንደገናም እናስተምረዋለን። እሱ እንዴት እንደሚያገግም በማየት ሰው እንዴት እንደሚያገግም ለመረዳት እንሞክራለን። ዛሬም ሳስበው ደስ የሚለኝ ሥራ ነው።

የእኛ መረብ ሲያገግም ቀስ እያለ፣ እንደ ለስላሳ ዳገት ከፍ ይል ነበር። የሮዝቪታን ታማሚዎች ውጤት ደምረን ስናካፍለው ያው ለስላሳ ዳገት ወጣ። ሁለቱን መስመሮች አንዱን በሌላው ላይ ስናስቀምጣቸው ገጠሙ። የቤተ ሙከራችን ኃላፊ ፕሮፌሰር ዚግሎኽ በዚያ ቀን ኬክ አመጡልን። ታማሚዎቹ የሚታከሙበት ማገገሚያ ክፍል ደግሞ ከዚህ ተነሥቶ ደንብ አወጣ፦ የሚድን ሰው በሞዴሉ መሠረት በአሥረኛው ሕክምና ከሃያ ሥዕሎች ቢያንስ አራቱን መጥራት አለበት፤ ካልጠራ ቦታው ለወረፋ ጠባቂ ይለቀቃል። ወረፋው ረጅም ነውና ደንቡን ክፉ ሰው አላወጣውም። አራት ዓመት ሠራንበት።

ከዚያ የአልቪን ሾይፈለ ተራ ደረሰ።

አልቪን የወይን ገበሬ ነው። የታችኛው ከተማ የወይን ገበሬዎች በምላሳቸው የታወቁ ናቸው፤ አልቪን ከእነሱም ይብስ ነበር። የሚኖረው ከሮዝቪታ ጋር አንድ ፎቅ ላይ፣ በር ለበር ነው። በሁለቱ በሮች መካከል በገመድ የምትንጠለጠል አንዲት የእንጨት ሰሌዳ ትመላለሳለች፤ ሰሌዳዋ ያለችበት ቤት ደረጃውን የመጥረግ ሳምንት የእሱ ነው። ጠርጎ ሲጨርስ ወደ ጎረቤቱ በር ያሻግራታል። በእኛ አገር ባልና ሚስት ሳይነጋገሩ ዓመት ሊደፍኑ ይችላሉ፤ ሰሌዳ የተንጠለጠለበት ሰው ግን ሳይጠርግ እሑድ አይደርስም።

ሮዝቪታ ስትጠርግ አልቪን በሩን ከፍቶ ይቆም ነበር። «ጥጉን ረሳሽው» ይላታል። «ወይስ አቧራው ዘመድሽ ነው፣ ራራሽለት?»

«አንተ መጀመሪያ ወይን ቦታህን ከጫማህ ላይ አራግፍ» ትለዋለች።

ሃያ ዓመት እንዲህ ኖሩ። በመጋቢት ወር ስትሮክ መታው። ከዚያ ሁሉ ንግግር የቀረችው አንዲት ስድብ ብቻ ሆነች፦ «አፈር ብላ»። ይህ የሚደንቅ ነገር ነው። ስድብ፣ ጸሎትና ቆጠራ በአንጎል ውስጥ ከሌላው ንግግር የተለየ መንገድ ያላቸው ይመስላል፤ ቃል ሁሉ ጠፍቶ እነሱ የሚተርፉበት ጊዜ ብዙ ነው። አልቪን ውሃ ሲፈልግ «አፈር ብላ» ይላል። ሲያመሰግን «አፈር ብላ» ይላል። ቄሱ ሊጠይቁት ሲመጡ እጃቸውን ይዞ እንባ እየወረደው «አፈር ብላ» አላቸው።

አንድ ሐሙስ ሮዝቪታ ከሥራ ስትመለስ የአልቪንን ሚስት ኢርምትራውትን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። መጥረጊያው ግድግዳውን ተደግፏል። በእጇ ከማገገሚያው ክፍል የተላከ ደብዳቤ ይዛለች።

«አሰናበቱት» አለች ኢርምትራውት። «ከሰኞ ጀምሮ አይምጣ ብለዋል። አሥሩም ዜሮ ነው አሉ።»

«አውቃለሁ። ዜሮውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት በየቀኑ አዲስ ስድብ ያወጣልኝ ነበር። አሁን በዚችው በአንዷ ልኑር?»

«እስቲ ደብዳቤውን አሳዪኝ።»

ደብዳቤው ላይ አሥሩ ዜሮዎች እንደ ጠጠር መሬት ላይ ተደርድረዋል፤ ከላያቸው የእኛ ለስላሳ ዳገት ተሥሏል። ከሥሩ «በሞዴሉ መሠረት መሻሻል አይጠበቅም» ይላል። ኢርምትራውት ጣቷን በዳገቱ ላይ ሰደደች።

«ይሄኛው ደግሞ የማን ነው? ይሄ የዳነው ሰውዬ?»

ሮዝቪታ ዳገቱን እንደገና አየችው። ከፊቷ ተቀምጠው ያለፉትን ታማሚዎች በልቧ ብትቆጥር፣ እንዲህ ቀስ በቀስ የወጡት ከጣቶቿ ቁጥር አያልፉም።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮዬ ገብታ ደብዳቤውን የኮምፒውተሬ ፊደል መምቻ ላይ ጣለችው።

«ይሄ ሰው ማን ነው?»

«የቱ ሰው?»

«ይሄ መስመር። በሦስተኛው ቀን አንድ ቃል፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በሰባተኛው ሦስት እያለ የሚወጣው። ሃያ ስድስት ዓመት ፊት ለፊታቸው ተቀምጫለሁ፣ ይሄን ሰውዬ አላገኘሁትም። ስሙን ንገረኝ።»

«ሰው እኮ አይደለም፣ ሮዝቪታ። አማካይ ነው።»

«አማካይ ስትሮክ ይመታዋል? አማካይ ሚስት አለው?»

«የሁሉም ውጤት ተደምሮ፣ ለሰዎቹ ቁጥር ተካፍሎ...»

«ማን አካፈለው?»

ያካፈልኩት እኔ ነኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጻፍኩት አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ታማሚዎቹን ብቻም አይደለም፤ መረቡንም አርባ ጊዜ አስኬጄ የአርባውን አማካይ ወስጄ ነበር። አማካይን ከአማካይ ጋር ለክቼ፣ ገጠመ ብዬ ኬክ በልቻለሁ።

ሮዝቪታ ወረቀት አትጥልም። ቁጥሩን ወደ ኮምፒውተር ካስገባች በኋላም የእያንዳንዱን ሰው ወረቀት በብረት ቁም ሣጥን ታስቀምጣለች፤ በዚህ ምክንያት ለዓመታት ሳቅንባት። ከደንቡ በፊት፣ ሕክምናው እስከ ሃያ አምስት ጊዜ ይቀጥል በነበረበት ዘመን የተጻፉ ስልሳ አራት ወረቀቶች አወጣች። ከወጥ ቤቱ እስከ አሳንሰሩ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ዘረጋናቸው። በጉልበቷ ተንበርክካ የእያንዳንዱን ሰው መስመር በእርሳስ ሠራች፤ እኔ እቆጥራለሁ።

ቀስ እያሉ የወጡት ዘጠኝ ነበሩ። አሥራ አራቱ እስከ መጨረሻው ከመሬት አልተነሡም። የቀሩት አርባ አንዱ ግን ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ ሲሉ ይቆዩና በሁለት ሕክምና ውስጥ ወደ አሥራ ሁለት፣ ወደ አሥራ አምስት ይዘላሉ። ደረጃ እንጂ ዳገት አልነበረም።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ የገባኝ ወንዙን ሳስብ ነው። ሲመሽ ኔካር ወንዝ ዳር ቆማችሁ ማዶ ያሉትን ቤቶች ተመልከቱ። በአንዱ መስኮት መብራት ይበራል፤ ቆይቶ በሌላው፤ ከዚያ በሦስተኛው። ውሃው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ቀስ እያለ ይጨምራል። ቀስ እያለ የሚበራ አንድም አምፖል ግን የለም፤ እያንዳንዱ በአንድ ጊዜ ቦግ ይላል። ውሃውን ብቻ ያየ ሰው፣ አምፖል ቀስ በቀስ የሚጎላ ነገር ይመስለዋል። ከዚያ እስካሁን የጨለመ መስኮት ሲያይ «ይሄኛው ጭላንጭል እንኳ የለውም፤ ከእንግዲህ አይበራም» ይላል። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ከአርባ አንዱ ሃያ ሦስቱ የዘለሉት ከአሥረኛው ሕክምና በፊት ነው። አሥራ ስምንቱ ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ በአሥረኛው ሕክምና መሬት ላይ የነበሩት ሠላሳ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከእነዚህ ከግማሽ የሚበልጡት በኋላ ተናግረዋል። የእኛ ደንብ ቢኖር ሠላሳ ሁለቱም ይሰናበቱ ነበር።

«ባለፉት አራት ዓመታት ደንቡ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም ብላችሁ ጽፋችኋል» አለች ሮዝቪታ፣ ከወለሉ ሳትነሣ።

«ጽፈናል።»

«ካሰናበታችኋቸው በኋላ ማን አያቸው?»

«ማንም።»

«አስወጣችኋቸው፤ በሩን ዘጋችሁ፤ ከዚያ እዚህ ውስጥ ማንም አልዳነም አላችሁ።» እርሳሱን በጣቶቿ መካከል ቀጭ አድርጋ ሰበረችው። «ዜሮውን ደግሞ እኔ ነኝ የጻፍኩላችሁ። በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት።»

ፕሮፌሰሩን ያገኘናቸው ካፖርታቸውን ለብሰው ሊወጡ ሲሉ ነው። ሁለት ወረቀት አየት አደረጉ።

«ወይዘሮ ሄበርለ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሡት። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ እናየዋለን።»

«አቶ ሾይፈለን ሰኞ ነው የሚያስወጡት።»

«አዝናለሁ። ግን አንድ ሰው ነው፤ ከአንድ ሰው ተነሥቶ...»

«አዎ፣ አንድ ሰው ነው» አለች። «ሌላ ዓይነት ሰው አይቼ አላውቅም።»

እሳቸው ለምሳ ወጡ፤ ሮዝቪታም ወጣች። ወደ ቤቷ ሄዳ የመጥረጊያዋን ሰሌዳ ከኢርምትራውት በር አወረደች፤ ይዛት ተመለሰችና በፕሮፌሰር ዚግሎኽ በር ላይ አንጠለጠለቻት። ከሥሯ ስልሳ አራቱን ወረቀቶች በካርቶን አስቀመጠች።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ፕሮፌሰሩ የዚሁ አገር ልጅ ናቸው፤ ያደጉት ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናታቸው ጋር ደረጃ ሲጠርጉ ነው። ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩን ያለፈ ሁሉ በሩን እያየ አለፈ። አንዷ የሒሳብ ባለሙያ «ፕሮፌሰር፣ ተራው የእርስዎ ነው እንዴ?» አለቻቸው፣ ሳትስቅ። ሰሌዳዋን በእጃቸው ገልበጥ አድርገው አዩአት፤ ሊያወርዷት ይችሉ ነበር። አላወረዷትም። ካርቶኑን አንሥተው ገቡ፤ ቅዳሜንም እዚያው ዋሉ። እነ ሮዝቪታ ቤት ደግሞ ኢርምትራውት ጎረቤቱን ሁሉ «ሰሌዳችንን የሰረቀው ማን ነው?» ስትል ከረመች።

ሰኞ ጠዋት ሰሌዳዋ በሮዝቪታ የሥራ ክፍል በር ላይ ተንጠልጥላ ተገኘች። አብሯት ማስታወሻ ነበር፦ «ሰዎቹ ይዘላሉ፤ ተሳስተናል። አሥራ አራቱ ግን አልዘለሉም፤ ወረፋው ላይ ደግሞ የሚጠብቁ አሉ። ማን እንደሚዘል አስቀድሞ የሚያሳውቅ ምልክት ያግኙልኝ፤ ያለዚያ ማገገሚያውን ደንቡን እንዲለውጥ የማሳምንበት ነገር የለኝም። ለአቶ ሾይፈለ አሥር ተጨማሪ ሕክምና ለምኜለታለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም።»

«ይቅርታ ይላል?» አለችኝ፤ መነጽሯን ስላልያዘች ያነበብኩላት እኔ ነኝ።

«ተሳስተናል ይላል።»

«እሱን ሰማሁ።» ማስታወሻውን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ሰሌዳዋን ግን አላወረደችም፤ ተራው የእሷ ነበር።

ምልክቱ የት ሊገኝ ይችላል? ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ልክ ከሆነ አንድ፣ ካልሆነ ዜሮ። ሮዝቪታ ግን በወረቀቷ ዳር፣ ማንም ሳያዛት፣ ሰውየው የተሳሳተውን ቃል ትጽፍ ነበር። የድመት ሥዕል አይቶ ዝም ያለ ሰው ዜሮ ነው። «ጠረጴዛ» ያለ ሰው ዜሮ ነው። «ውሻ» ያለም ዜሮ ነው። ሦስቱ ግን አንድ ዓይነት ዜሮ አይደሉም፤ የመጨረሻው በሩ አጠገብ ደርሷል።

እኔም ላይ ፎቅ ተመልሼ አማካይ የሚያወጣውን መስመር ሰረዝኩትና መረቦቹን አንድ በአንድ ለየብቻ አስኬድኳቸው። ያየሁትን ለመናገር ወደ ታች በሩጫ ነው የወረድኩት። ብዙዎቹ መረቦችም ይዘላሉ። ከውጭ ሲታዩ ዜሮ ላይ ተኝተዋል፤ ውስጣቸው ሲታይ ግን ክሮቹ ያለማቋረጥ እየጠበቁ ነው፤ መልሱ አሁንም ስህተት ሆኖ፣ ስህተቱ ወደ ልኩ እየተጠጋ ነው። ከመዝለላቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ዝምታው ይቀርና ቅርብ ቅርብ ያሉ ስህተቶች ይመጣሉ።

«ይሄ ሁሉ አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ውስጥ ነበረ?» አለች።

«ነበረ።»

«ደስ ብሎሃል አይደል?»

«በጣም።»

«እኔን ግን ደስ አላለኝም» ብላ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

አንድ ነገር ላይ ተጣላን። እሷ ወረቀቶቹን በቀጥታ ልታነብና ምልክቱን ልትፈልግ አለች። አይሆንም አልኳት፤ ማን እንደዳነ ታስታውሳለች፤ የዳነ ሰው ወረቀት ላይ ምልክት ማየት ደግሞ ቀላል ነው።

«እኔን ነው የምትጠረጥረው? አንተ? አካፋዩ?»

«እኔ ስለተሳሳትኩ ነው የማውቀው።»

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን «እሺ፣ ሸፍነው» አለች። በአሥረኛው ሕክምና መሬት ላይ የነበሩትን የሠላሳ ሁለቱን ሰዎች የዳር ማስታወሻ ያለ ስም፣ ያለ ውጤት፣ የዘለሉትን ከመዝለላቸው በፊት እስካለው ድረስ ብቻ፣ የሌሎቹንም በዚያው ልክ አሳጥሬ በካርድ ገለበጥኩላት። እያነበበች «ይዘላል»፣ «አይዘልም» እያለች ለየቻቸው። ከዘለሉት አሥራ ስምንት ውስጥ አሥራ ሦስቱን አገኘቻቸው። ካልዘለሉት አሥራ አራት ውስጥ ሦስቱን በስህተት ይዘላሉ አለች። ጥሩ ነው፤ ደንብ ለመለወጥ ግን ገና ነው። ቀድሞ የታከሙ ሰዎች ላይ የተገኘ ምልክት ገና ያልሆነውን በመናገር መፈተን አለበት። ከፊታችን ያለው ደግሞ አንድ ሰው ነው።

አልቪን እስከ አሥራ ሦስተኛው ድረስ ወይ ዝም ይላል ወይ ያችኑ ይላል። በአሥራ አራተኛው የመግረዣ መቀስ ሥዕል ቀረበለት፤ አርባ ዓመት ወይን የገረዘበት መሣሪያ። ትክ ብሎ አየው። «ቢላ» አለ። ወዲያው ስህተቱን አወቀ፤ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታና «አፈር ብላ» አለ፣ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። ሮዝቪታ ዜሮ ጻፈች። ዳር ላይ «ቢላ» ብላ ጻፈች። በአሥራ አምስተኛው ቅርጫቱን «በርሜል» አለው፤ አሁንም ዜሮ። በአሥራ ስድስተኛው እንዲህ ዓይነት ስህተት አራት ነበረው፤ አሁንም ዜሮ።

ትናንት አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ «አልቪን ሾይፈለ፣ በአሥራ ሰባተኛው ወይም በአሥራ ስምንተኛው፣ ከስምንት በላይ» ብላ ጽፋ ፈረመች። ከሰሌዳዋ ጋር በፕሮፌሰሩ በር ላይ ልታንጠለጥለው ስትወጣ አየኋት።

«እስከ ሃያኛው በዪ፣ ሮዝቪታ። ትንሽ ለራስሽ ክፍተት ተዪ።»

«ለእነዚያ ላሰናበትናቸው ክፍተት ትተንላቸው ነበር?» አለችና አንጠለጠለችው።

ዛሬ አሥራ ሰባተኛው ነው። በሩ ገርበብ ስላለ ከኮሪደሩ እሰማለሁ። ኢርምትራውት አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ለእያንዳንዱ ሥዕል የሚፈቀደው አሥር ሰከንድ ነው፤ ሮዝቪታ ለማንም ጨምራ አታውቅም፣ ዛሬም አትጨምርም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሰዓቱ ይቆጥራል። ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል።

«አፈር ብላ» አለ አልቪን።

እርሳሷ ወረቀቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰች፤ አንዴ መሐል፣ አንዴ ዳር።

«እሺ። ገና አሥራ ዘጠኝ አለህ» አለችና ሁለተኛውን ሥዕል አነሣች።